የፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ያለችው እህቴ

ሰኞ፣ ጥቅምት 23። ከት/ቤት መልስ
ዛሬም በላይኛው መንገድ ዞሬ መጣሁ። ዳገት፣ አቧራ። በፎቶ ቤቱ በኩል ማለፍ አልችልም ደብተሬ። መስታወቱ ላይ ፌቨን አለች። ሳሎናችን ውስጥ ጥቁር ጨርቅ የተደረገበት ፎቶ፣ ያው ራሱ። እዚያ ጥቁሩ የለም። ከሥሩ «ሞዴሎች እንፈልጋለን» ይላል።

በእረፍት ሰዓት ረድኤት መጣች። በአዲሱ ት/ቤት የሚያናግረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። «አንተ ዝምተኛ፣ ታዋቂ ስሆን ፊርማዬን ከፈለግክ ተሰልፈህ ነው» አለችኝ። ቅዳሜ ሞዴል ሆና ልትነሳ ነው። የት? እዚያው ፎቶ ቤት። እህትህ የጀመረችበት፣ አለች።



ሰኞ፣ ከራት በፊት
ጥፋቱ የኔ ነው። ልጻፈው።

ፌቨን ክረምት ላይ ሞተች። ሦስት ቀን ታማ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ። ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ልቧን ስለምትታመም መርዶው አልተነገራትም። ስትደውል እማዬ፣ ፌቨን ዱባይ ሄዳለች ትላታለች። ረድኤት ስለ እህቴ ስትጠይቀኝ እኔም እሱው መጣልኝ። ዱባይ። ፎቶዋንም ስልኬ ላይ አሳየኋት።

ረድኤት መስታወቱ ላይ አይታ አወቀቻት። ዱባይ ያለችው አይደለችም ወይ ብላ ፎቶ አንሺውን ጠየቀችው። አዎ፣ እኛ ነን የላክናት አላት።

ሰውየው ለቅሶ ላይ ነበር! ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ዘግኗል። ያንን ፎቶ አሳድጎ በነጻ ያመጣልን እሱ ነው። እማዬ እጁን ይዛ መርቃዋለች።

ረቡዕ፣ 25
አትሂጂ አልኳት። ቀናህ እንዴ አለች። ለእህትህ ሲሆን ጥሩ፣ ለኔ ሲሆን መጥፎ? ሳቀች።

ፌቨን ለኔ ብቻ የነገረችኝ አለ። ፎቶ አንሺው መጀመሪያ ቀን እናትሽን ይዘሽ ነይ ይላል። ሻይ ያዛል። ፊት ብቻ ያነሳል፣ ፎቶው ያምራል፣ እናት ታምነዋለች። ሁለተኛው ቀን ብቻሽን ነይ። ፎቅ ላይ። በሩን ቆለፈባት። ስልኳን ቀማት። በመስኮት ጮኻ ሰው ሲሰበሰብ ነው የከፈተላት። ለማንም እንዳልናገር በመድኃኔዓለም አስማለችኝ።

ረድኤት ከእናቷ ጋር ባለፈው ሳምንት ሄዳለች። ቅዳሜ ሁለተኛው ቀን ነው።

ሐሙስ፣ 26። ማታ 1:00
ሄድኩ። ፎቶ ቤቱ፣ የፌቨንን ፎቶ ከመስታወቱ ላይ አውርድ ልለው። በር ላይ ቆሜ እግሬ እምቢ አለ። እሱ ራሱ ወጣ።

«የፌቨን ወንድም! እናት ደህና ናቸው?» ትከሻዬን ያዘ። ጠበቅ አድርጎ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ዱባይስ? ተስማማት?»

ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ለምን ፈገግ አልኩ?

አርብ፣ 27
መድኃኔዓለም ነው። እማዬ ከቀጨኔ ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልነግራት በር ላይ ጠበቅኳት። ፎቶውን ለሰጠን ለዚያ ፎቶ አንሺም ጸለይኩለት አለች። ዋጥኩት። አባዬ ክፍለ ሀገር ነው፣ ስልኩ አይሠራም።

ለረድኤት በቴሌግራም ጻፍኩ፦ ፌቨን ሞታለች። አጠፋሁት። ሦስቴ ጻፍኩ፣ ሦስቴ አጠፋሁ። ቀልድ መስሏት ብትስቅስ? ደግሞ መርዶ በስልክ ይነገራል? መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ሌሊት ሳይነጋ በር አንኳክቶ ነው። የፌቨንን ለአጎቴ እንደዚያ ነው የነገሩት። በሩን ሲከፍት የሰዎቹን ፊት ብቻ አይቶ አወቀ።

ቤቷን አውቀዋለሁ። ከታች፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ። ቀጠሮዋ 3 ሰዓት ነው።

ቅዳሜ፣ 28። ሌሊት 11:20
ልብሴን ለብሻለሁ። ፎቶውን ከነጥቁር ጨርቁ ከግድግዳ አወረድኩት። ረድኤት ይህን ካየች አትስቅም። እናቷም ታያለች። የተቆለፈውን በርም እናገራለሁ። ፌቨን፣ መሐላሽን ላፈርስ ነው፣ ይቅር በይኝ።

ሚስማሩ ወድቆ ጮኸ። እማዬ ነቃች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማለች። ልጄን ወዴት ይዘሃት ትሄዳለህ አለችኝ።

ለእሷ ነው መጀመሪያ የምነግረው። አሁን። ከዚያ መርዶ ለብቻ አይነገርምና፣ እሺ ካለችኝ አብረን ወደ ረድኤት ቤት እንወርዳለን።