ከውሻ ጋር በዕቃ ክፍል ስለተሳፈረው የልጅ ልጄ

ይድረስ ለተከበሩት የአውሮፕላን ማረፊያው የምድር አገልግሎት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? እኔ ከጉልበቴና ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ሻንጣ ጫኝ ሠራተኛዎ የሆነውን የልጅ ልጄን በነፃ ስላሳፈሩልኝ ለማመስገን ነው። ከቤታችን እስከ ዛሬ በአየር የሄደ ሰው አልነበረም፤ ዕድሜ ለእርስዎ።

እርግጥ ነው፣ መቀመጫው ከሻንጣዎቹ መካከል ነበር። እንደ ልማዱ እስከ ዕቃ ክፍሉ ጥግ ድረስ በጉልበቱ ድሆ ገብቶ ሲደረድር፣ ባልደረባው ከበሩ ላይ ሆኖ ሰው አለ ወይ ብሎ ተጣራ፤ መልስ ሲያጣ ዘጋው። አውሮፕላኑም ተነሣ።

አንደኛው ምስጋናዬ ከሞተር ጩኸት እንዲከላከል ብለው ላደሉት የጆሮ መሸፈኛ ነው። እንዴት ያለ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሰው ሲጣራ እንኳ አያሰማም። ጆሮውን የሸፈኑት እርስዎ፣ ተጣርቶ መዝጋትን ደንብ ያደረጉትም እርስዎ፤ ሁለቱን ሐሳብ አንድ ራስ እንዴት እንደቻለው ሳስበው ይገርመኛል።

ሁለተኛ፣ ሻንጣዎቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው ስለገቡ አመሰግናለሁ። አንዲት ቦርሳ ብትጎድል ፍለጋው ሌላ ነው አሉ። ሰው ሲተርፍ ግን ይበረራል፤ ትርፍ መቼ ጎድቶ ያውቃል።

ሦስተኛው ለውሻው ነው። ያን ዕለት አንዲት ተሳፋሪ ውሻዋን በሳጥን አስጭና ስለነበር፣ አብራሪው እንዳይበርደው ብሎ ክፍሉን አሙቆት ነበር። የልጅ ልጄም ከሳጥኑ ጎን ተኮራምቶ ከነነፍሱ ደረሰ። ውሻው ባይሳፈር ኖሮ ዛሬ ለቀልድ የሚሆን አንደበት አይኖረኝም ነበር።

ካረፈ በኋላ ደውሎ፣ አባባ አትደንግጥ፣ ሌላ አገር ነኝ ሲለኝ፣ ቀልዱን መስሎኝ ታዲያ ምን ይዘህልን ትመጣለህ አልኩት። እናቱ ስልኩን ነጠቀችኝ። ለቅሶዋን እርስዎ አልሰሙትም፤ ምናልባት መሸፈኛው ለቢሮም ታድሎ ይሆናል።

አራተኛው ላይ ግን ብዕሬ ይሰናከላል። ልጁ በተመለሰ ማግስት፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታህ ርቀሃል የሚል ክስ ከቢሮዎ ደረሰው፤ ከሥራም ታግዶ ውሳኔ ይጠብቃል። መራቁንስ ርቋል፤ ባሕር ተሻግሯል። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ ይዞት የሄደው እኮ ራሱ የሥራ ቦታው ነው።

ስለዚህ ክሱን ሰርዘው ወደ ሥራው እንዲመልሱት፣ በር የሚዘጋውም ሰው ከመዝጋቱ በፊት አንገቱን አስግጎ ውስጡን እንዲያይ እንዲያዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ወጪም የለውም፤ አንገት እንደሁ ሁሉም ሠራተኛ ከቤቱ ይዞ ይመጣል።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወገብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ የእኔ ወገብ እስከፈቀደ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የአንድ ሻንጣ ጫኝ አያት

ማስታወሻ፦ በመጪው ሰኞ ጋዜጠኞች ባሉበት ራስዎ ዕቃ ክፍል ገብተው ሥራው አደጋ እንደሌለው ሊያሳዩ ነው ሲባል ሰማሁ። በሩ ላይ የልጅ ልጄን ቢያቆሙት ይሻልዎታል፤ እሱ ከእንግዲህ ሳያይ አይዘጋም። ሌላ ሰው የሚቆም እንደሆነ ግን ካፖርትዎን ደርበው ይግቡ።