የደምለው ማር

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት ፲፱፻፺፯ ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እምዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ በቁሜ አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ልጅሽን በቀበርሽ በወሩ ወደ ሥራ ምን አስሮጠሽ ብለሽ ልከሽብኛል። ቤት ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ እምዬ? ግድግዳው ራሱ አፍጥጦ ያየኛል።

የሥራውስ ነገር አይነሳ። የታመሙ ጨቅላዎች የሚተኙበት ክፍል ነው ያለሁት። እኔና ባልደረባዬ የብርጓል ለሁለት ሃያ ሕፃን እንይዛለን። አንዱን ስንመግብ ሌላው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ኦክስጅኑን ከማን ነቅለን ለማን እንስጥ? ምሳ የሚባል ነገር ረስቻለሁ፤ ሽንቴን እንኳ ቋጥሬ ነው የምውለው።

ደምለው የሚባል ሰው ከሉማሜ ወዲያ ካለ ገጠር መጣ። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት፣ ያለ ወሩ የተወለደ ወንድ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ። ለመርፌው ክፈል፣ ለምርመራው ክፈል፣ የቆርቆሮ ወተት ከውጭ ግዛ ተባለ። የነፃ ሕክምና ወረቀት ሊያጽፍ ቀበሌው ቢሄድ፣ በሬ ያለው ሰው ደሃ አይባልም ብለው መለሱት። በሬውን ሸጠ። ያም ሲያልቅ፣ ልጄን ስጡኝ፣ ይሙትም እንደሆን እቤቱ ይሙት ብሎ ቆመ።

የኔ ጡት ደግሞ ገና አልደረቀም። እያለብኩ እጅ መታጠቢያው ላይ ነበር የምደፋው። ሰውየው እንደዚያ ሲል አንጀቴ አልችል አለ። ደሜን ተመርምሬ መጀመሪያ በማንኪያ ሰጠሁት፤ ኋላ ጠንከር ሲል አጠባሁት። የወተቱ ወጪ እንኳ ይቅርለት ብዬ ነው እንጂ በልጄ ምትክ ብዬ አይደለም፣ ማርያምን!

ደምለው አይቶኝ አለቀሰ። በማግስቱ በጠርሙስ ማር ይዞ መጣና፣ ጣትሽን ከማሩ ንከሪና ይጥባው አለኝ። ኧረ ማር ለጨቅላ አይሰጥም ብዬ ተቆጣሁት። እንግዲያው ላንቺ ይሁን ብሎ ማሩን አስቀመጠ፤ ጉልበቴን ስሞ፣ መርቆኝ ወጣ። በዚያው ቀረ።

ያባነነችኝ የብርጓል ናት። የጡት ልጅ አድርጎ ሰጥቶሽ ሄደ እኮ፣ ማሩ ለዚያ አልነበር? አለችኝ። እኔ ዲማ ተወልጄ ያደግሁት፣ ከጣት ማር ማጥባት የጡት ልጅ ማድረጊያ መሆኑ እንዴት ጠፋኝ! ምስጋና መስሎኝ ተቀበልኩ። ሰው ቢላክበት፣ ልጁ እናት አለው ብሎ መለሰ።

ባለቤቴ አንድ ቀን ሊወስደኝ መጥቶ ሳጠባ አየኝ። ፊቱን አዙሮ ወጣ። እስካሁን ስለ ነገሩ አላወራንም።

አለቃችን ልጁ ድኗልና አልጋው ለሌላ ይፈለጋል፣ ለሕፃናት ማሳደጊያ እንጻፍ ትላለች። እውነቷን ነው፤ በር ላይ ታቅፈው የሚጠብቁ እናቶች አሉ። እኔ ግን ጡቴ ግጥም ባለ ቁጥር ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ፈርቻለሁ እምዬ። ይህንንም ባጣውስ?

የደብራችን ጊዮርጊስ ጤናሽን ይስጥልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። የልጄን ልብሶች ለቸገረው ስጪልኝ ብዬሽ ነበር። ካልሰጠሻቸው ይህን ደብዳቤ ባደረሰልሽ ሰው እጅ ላኪልኝ። የሴት ልጅ ልብስ ለወንድ አይሆንም ብለሽ እንዳትተዪው።

ልጅሽ