ሰባተኛው ግንብ

አምቦ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ ልጄ ለአርሴማ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሰላምና ጤና ከደጅሽ አይራቁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም «የልጄ አገር ደረጃ ጨረሰው» እያልኩ ለሰው እቀልዳለሁ። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ ነው የወጣው፤ ጓሮው አሁንም ጭቃ ነው። የእናትሽን መቃብር ለመስቀል ሰሞን አስጠርጌ ዙሪያውን ድንጋይ አስደረደርኩለት። ወደ ካቺሲ የሚወስደው መንገድ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል፣ አንዳንድ ሳምንት ይከፈታል። እኔ በዚያ በኩል ጉዳይ የለኝምና አትጨነቂ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ጓደኛሽ ዶርቃስ ናት። እረፍቷን እናቷ ዘንድ ጨርሳ በሚመጣው ሐሙስ ወደዚያ ትመለሳለች። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንቺ «አባዬ ደህና ነህ?» ስትይኝ ግን ደህና ነኝ እላለሁ፤ አንቺም ደህና ነኝ ትያለሽ፤ ከዚያ ስለ ብርዱ አውርተን እንዘጋለን። መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ከተመለስኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ግንቦቹ ነው። በእድራችን ስብሰባ ፎቶዎቹን በስልኬ አሳየኋቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ሳስተምር የአውሮፓ መሳፍንትን ግንብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምስለው ሜዳ ላይ ነበር፤ ዙሪያውን ውሃ፣ በሩ ላይ የሚነሳ ድልድይ። እናንተ አገር መጥቼ ሳይ ግንቡ ሁሉ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ የሠራው ሰው ድንጋዩን በምን እንዳወጣው እንጃ። «ያን ሁሉ ተማሪ አሳስቼው ኖሯል!» ስልሽ እንዴት እንደሳቅሽ! በእነዚያ ዐሥራ አምስት ቀናት ከልብሽ ስትስቂ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እድርተኞቹ «ታድለሃል ጋሽ ተድላ» ይሉኛል። ከዚያ ደግሞ «የልጅ ልጅህስ? ፎቶዋ የታለ?» ይላሉ። «ከትምህርት ቤቷ ጋር ካምፕ ሄዳ ነበር፤ ሳንገናኝ ቀረን» እላለሁ። አንቺ የነገርሽኝን ነው የምነግራቸው።

አርሴማዬ፣ ሩት ካምፕ እንዳልሄደች ያወቅኩት ገና በሁለተኛው ቀን ነው።

እኔን በሩት አልጋ ላይ አስተኛሽኝ፤ አንቺ ወለሉ ላይ ተኛሽ። የአንሶላው እጥፋት ገና አልለቀቀም ነበር። መታጠቢያ ቤት የልጅ ጥርስ ብሩሽ አለ፤ ከነማሸጊያው። የሰባት ዓመት ልጅ የምትኖርበት ቤት ግድግዳው ላይ አንድ የእርሳስ ጭረት የለም። ዕድሜውን ሙሉ ከልጆች ጋር የዋለ ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል? ግን አልጠየቅኩሽም። በጠዋት ተነስተሽ ዳቦ በቺዝ ጠቅልለሽ «ዛሬ ደግሞ የትኛውን እንይ አባዬ?» ስትይኝ፣ ቤት እንዳንውል ብለሽ መሆኑ እየገባኝ ጫማዬን አስሬ ተከተልኩሽ። የእስረኛውን ጉድጓድ፣ የጦር ልብሱን፣ መስፍኑ የበላበትን ገበታ አየን። አንቺ ጽሑፉን ትተረጉሚልኛለሽ፤ እኔ የማዳምጥ መስዬ ፊትሽን አያለሁ። ከስተሻል። ዛሬ ካልነገረችኝ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ ስድስት ግንብ ጨረስን።

አልነገርሽኝም። የነገረችኝ ዶርቃስ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ልትጠይቀኝ መጥታ እኔ ነኝ ያፋጠጥኳት፤ አትቀየሚያት። «ጋሼ፣ በሞቴ፣ ከዶርቃስ ሰማሁ አይበሉ» ብላ ለምናኝ ነበር። ይኸው አልኩ።

«ካቻምና ለፋሲካ ሩትን ይዛት ልትመጣ ነበር» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወዴት ይሆናል ጋሼ? ወደዚህ ነዋ፣ ወደ እርስዎ! ከባሏ ከማርቲን ጋር ተለያይተው ስለነበር ብጠይቀው እምቢ ይለኛል ብላ ፈራች። ሁለት ሳምንት አሳይቻት እመለሳለሁ ብላ ሳትነግረው ቲኬት ቆረጠች። አውሮፕላን ማረፊያ የአባቷ ፈቃድ የታለ ብለው አስቀሯቸው። እሱም ልጄን ልታሸሽብኝ ነበር ብሎ ከሰሰ። ዳኛው አመነው።»

አሁን በየዐሥራ አምስት ቀኑ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ እየጻፈ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ እንደምታገኚያት ነገረችኝ። ከዚያ ውጭ መንገድ ላይ እንኳ ብታዪያት መቅረብ እንደማትችዪ። እኔ ስመጣ እንዳያት አመልክተሽ እንደተከለከልሽ።

ዶርቃስን «ማን ገፋፋት?» ብዬ አልጠየቅኳትም። እሑድ እሑድ ስትደውዪ ምን ነበር የምልሽ? «ሳልሞት አሳዪኝ። እናትሽ ሳታያት ሄደች፤ እኔም እንደሷ ልሂድ?» ሽማግሌ ሁሉ የሚለውን ነው ያልኩት። ብዬው ስልኩን ስዘጋ ምሳዬን እበላለሁ። አንቺ ግን ቃሌን ይዘሽ ቲኬት ቆረጥሽ።

ስለ መጨረሻው ግንብ ደግሞ አንቺ የማታውቂው አለ።

ያንን ፍርስራሽ ገና በመጀመሪያው ቀን ከባቡሩ መስኮት አይቼው «ይህንንስ መቼ ነው የምናየው?» አልኩሽ። «እሱ ምን ይታያል አባዬ፣ ፈርሷል እኮ» አልሽ። በማግስቱም ጠየቅኩሽ፤ በሦስተኛውም። ከተለያያችሁ ወዲህ ማርቲን ከበታቹ ባለው መንደር እንደሚኖር በምን አውቄ! በመጨረሻው ቀን «እሺ፣ በጠዋት ሄደን ቶሎ እንመለስ» አልሽ። ልመናዬ ደግሞ አሸነፈሽ።

ጣሪያው የለም፤ መስኮቱ ላይ ሣር በቅሏል፤ ከሥሩ አንገታቸው ላይ ደወል ያሰሩ ላሞች ይግጣሉ። አንቺ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቀረሽ። «እግሬን ደክሞኛል፤ አንተ ወጥተህ እይ» አልሽኝ። የማማው ደረጃ በድንጋዩ ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። እያረፍኩ ወጣሁ። እላይ አንዲት ልጅ ብቻዋን ግድግዳውን ተደግፋ ሸለቆውን ታያለች። የእግሬን ኮቴ ሰምታ ዞር አለች።

ልጄ፣ ያየችኝ እናትሽ ናት። ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ ፍንጭት ጥርስ። እናትሽን ወርቅውሃን በሰባት ዓመቷ አላውቃትም ነበር፤ ያን ቀን አየኋት።

በእንግሊዝኛ ስሟን ጠየቅኳት። «ሩት» አለችኝ። አተኩራ አየችኝ፤ ድሮ በስልክ ካየችው ሽማግሌ ጋር ታስተያየኝ እንደሆነ እንጃ። አያትሽ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከታች የወንድ ድምፅ ስሟን ጠራ። አፌን ዘጋሁ። የደበቅሽውን ነገር ምንነቱን አላውቅም ነበር፤ እኔ ብገልጠው በማን ላይ እንደሚፈርስም አላወቅኩም። ፈራሁ። እንጭኒ ድረስ ተጠርቼ የሰው ትዳር የማስታርቅ ሰውዬ፣ የገዛ የልጅ ልጄ ፊት ቆሜ «አያትሽ ነኝ» ማለት አቃተኝ።

ቀድማኝ መውረድ ጀመረች፤ እኔም ተከተልኳት። ደረጃው ይጨልማል። መሐል ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ቆም ብላ አየችኝ፣ ተመልሳ ወጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። በቋንቋቸው የሆነ ነገር አለችኝ፤ ቀስ በል ማለቷ ይመስለኛል። እጇን ያዝኩት። ትንሽ፣ ሞቅ ያለ እጅ ነው፤ ጣቶቿ መሐል የተልባ ፍሬ የሚያክል የቀለም ነጠብጣብ አለ፣ ሰማያዊ። እስከ ታች ድረስ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠረች አወረደችኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ለቀቀችኝና ወደ አባቷ ሮጠች። ማርቲን ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ያወራ ነበር፤ አላየኝም።

ስወጣ አንቺ ወንበሩ ላይ አልነበርሽም። ከላሞቹ በረት ጀርባ ግድግዳውን ተደግፈሽ አገኘሁሽ። «ፀሐዩ በዛብኝ» አልሽኝ። ሰማዩ ደመና ነበር። «ላዩ ላይ ምን አየህ?» ስትይኝ «ሸለቆውን» አልኩሽ። እኔ እሷን ማየቴን ደበቅኩሽ፤ አንቺም ማየትሽን ደበቅሽኝ።

ይህን ሁሉ ለኦቦ ሆርዶፋ ነገርኩት፤ ሌላ ሰው አልነገርኩም። ባለፈው ወር ከእሱ ጋር አመዩንና መቲን ሦስት ቀን ተቀምጠን አስታርቀናል፤ ሁለት ዓመት የተለያዩ ባልና ሚስት ናቸው። ሰምቶኝ ሲያበቃ ብድግ አለ። «በል እንሂድ! ድንጋይ ተሸክመን ደጁ ላይ እንቆማለን። ሽማግሌ ደጁ ቆሞ ማን እምቢ ይላል?» አለኝ። አገሩ ባሕር ማዶ መሆኑን ረስቶት ነው። ጉዳዩን ፍርድ ቤት እንደያዘው፣ እዚያ ሽማግሌ ደጅ ቢቆም ፖሊስ እንደሚጠራበት አስረዳሁት። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ዋቅኒ ኒ ጅራ፣ ተድላ» አለኝ፤ እግዚአብሔር አለ ማለቱ ነው።

እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ስትጋቡ ማርቲን በላከልኝ ካርድ ላይ የኢሜይል አድራሻው ነበር። ለንሳ የምትባል ልጅ ኢንተርኔት ቤቷ ውስጥ ጻፈችልኝ። ጥፋቱ የልጄ አይደለም፣ የእኔ ልመና ነው ያሳሳታት፤ እኔን ቅጣኝ፣ እሷን ይቅር በላት አልኩት። በሁለተኛው ቀን መለሰልኝ፦ «ክቡር አቶ ተድላ፣ ስለ ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። ሩት ደህና ናት። ጉዳዩ በፍርድ ቤት እጅ ስለሆነ ደግመው እንዳይጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ክፉ ቃል የለበትም። ክፉ ቃል ቢኖረው ይሻለኝ ነበር፤ ለክፉ ቃል መልስ አላጣም። ዶርቃስ ስትሰማ ደነገጠች። «ለጠበቃው ቢሰጠውስ ጋሼ?» አለችኝ። እንግዲህ ያም ደብዳቤ አንቺኑ የሚወጋ ሆኖ እንደሆነ አላውቅም። ከሆነ ይቅር በዪኝ።

ለሩት የገዛሁት ቀሚስ አሁንም ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ከዶርቃስ ጋር ልልከው አስቤ፣ እዚያ ቢሮ ውስጥ ይዘሽ ብትገቢ ምን ብለው እንደሚጽፉብሽ ስለማላውቅ ተውኩት።

እንደ አባት አንድ ምክር ልሰጥሽ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ታገዪ ብልሽ እፈራለሁ፤ ተዪው ብልሽ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ደረጃው ላይ ያወረደችው ሽማግሌ ማን እንደሆነ ንገሪያት ልልሽ ነበር፤ እሱንም ሰው ተቀምጦ ይጽፈዋል። እኔ ከእንግዲህ ይህን አድርጊ አልልሽም። እጇ ሞቃት መሆኑን ብቻ እወቂልኝ። የዚያን ቀን አንቺም ልትይዥው የሚገባሽን እጅ እኔ ብቻዬን ይዤ ወረድኩ።

የእናትሽ ጸሎት ይከተልሽ። እመቤቴ ማርያም ልጇን ፍለጋ የሄደችበትን ቀን አስባ ትራራልሽ። ለሩት ዕድሜ፣ ለማርቲንም ልብ ይስጥልኝ፤ እሱም አባት ነው።

አባትሽ
ተድላ