የካፖርቱ ክሎዜት

ቅዳሜ፣ ማርች 14

ዛሬ ስፌት ቤቴን ጨረስኩ። ወገቤ ተቆርጧል፤ ግን እያየሁት አልጠግብ አልኩ።

ባለፈው እሑድ ቤቱን አብረውኝ የተከራዩት የእትዬ ብርቄ የጸሎት ጓደኞች እኛ ቤት ምሳ ሲበሉ፣ ከአንዷ ሽሮ ውስጥ ቀይ ክር ወጣ። የኔው ክር ነው፤ የምሰፋው እዚያው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነበራ። እትዬ ብርቄ እንግዶቹ እስኪሄዱ ቻል አድርገው፣ "ስሚ፣ ቤቱን የምንከፍለው እኩል ነው። ወይ እቃሽን ሰብስቢ፣ ወይ ስፌቱን ተይው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ስፌት ትቼ እኔ ምን ልሆን?

ሶ፣ ሳስብ ከርሜ በሩ አጠገብ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቁም ሣጥን፣ የካፖርት ክሎዜቱ ታየኝ። በኤል ኤ ሙቀት ማን ካፖርት ይለብሳል? ዛሬ ከሥራ ኦፍ ስለነበርኩ ከጠዋት ጀምሬ ባዶ አደረግኩት። ትንሿን ጠረጴዛ አስገብቼ የስፌት መኪናዬን ጫንኩባት። ልክክ አለች! ከፌርፋክስ የሐበሻ ሱቆች የገዛኋቸውን የቀሚስ ጥለቶች መስቀያው ብረት ላይ ሰቀልኩ፤ ክሩን በየቀለሙ ደረደርኩ፤ መርፌና እስፒሉን ማግኔት ላይ ለጠፍኩ። በሩ ሲዘጋ ስፌት ያለበት ቤት አይመስልም።

አመሻሽ ላይ ሴቶቹ ለጸሎት ሲመጡ ቶሎ ብዬ ዘጋሁት። እትዬ ብርቄ ሄደው ወለል አድርገው ከፈቱት።

"የኛን ስፌት ቤት አላያችሁም እንዴ?"

ያቺ ክር የወጣባት ሴትዮ ቀሚሷን አሳጥርላት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ ብርቄ ቀደሙኝ።

"ወረፋ አለ። መጀመሪያ የኔ ነው።"