ከግድቡ ጀርባ ስለተኛው አፈር

እኔ ባይ ዩሻን፣ እግሬ ከድቶኝ አልጋ ብይዝም ልቦናዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያባብለኝና ሳያስፈራራኝ፣ በቻይና ሪፐብሊክ ሃያ አንደኛ ዓመት፣ ማሽላ ታጭዶ ባለቀ ማግስት ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ጸሐፊዬ መምህር ሃው፣ ሸለብ ሲያደርገኝ የሚጽፍበትን ብሩሽ ያስቀምጥ። በእንቅልፍ ልቤ የምለውን ቢጽፈውም ቅር አይለኝም፤ ሰሞኑን እውነቱ የሚታየኝ እዚያ ነው።

በቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ የተቆፈረው ዋሻ ቤት ለታናሹ ልጄ ለኤርሊን ይሁን። ቀዩ አፈር ከዶማ አልላቀቅ የሚል ክፉ ነው፤ ውሃ ግን አያሳልፍም። ኤርሊን ጣሪያ የሚጠግን ሰው ስላልሆነ ይስማማዋል።

በቢጫው አፈር የተቆፈረው ለሟቹ ልጄ ለዳጉዪ ሚስት፣ ለዪንፒን ይሁን። ቢጫው እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ደርቆ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ውሃ ከገባው ግን ድምፅ ሳያሰማ ይደረመሳል። እሷ ደመና ሲቋጥር ገና ጣሪያ ላይ ናት። እወዳታለሁ፤ ይህም ይጻፍ።

አሁን ወደ ግድቡ ማሳ፣ ጎርፍ ያወረደው ደለል ከግድቡ ጀርባ ተኝቶ ወደ ሠራው። ሸለቆውን የዘጋውን ግድብ ኤርሊን በቀይ አፈር ጠቅጥቆ ስለሠራ «ማሳው የእኔ ነው» ይላል። ዪንፒንንም ወንዝ ማዶ ላለ ጨው ነጋዴ ሊድራት ቃል እንደ ሰጠ ሰምቻለሁ። እሷ አልፈለገችም። ትናንት ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ማሳዬ ቁልቁል እየወረደ ከግድቡ ጀርባ ይተኛል። አሁን ደግሞ እኔን ራሴን ወንዝ ሊያሻግሩኝ ነው?»

ስለዚህ ጉድጓድ ቆፋሪው ማንሻን ከኤርሊን ቀይ ኮረብታ፣ ከዪንፒን ቢጫ ተዳፋትና ከግድቡ ደለል እፍኝ እፍኝ አምጥቶ በሦስት ጎድጓዳ ሳህን ውሃ በጠበጠልኝ። ተኝቼ ሳያቸው ዋልኩ። ቢጫው ቶሎ ሰከነ፤ ደለሉም አብሮት ጠራ። ቀዩ እስኪመሽ እንደ ደፈረሰ ነበር። በሰመመኔ ተዳፋቱ በሙሉ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ሻካራው ቀድሞ ሲተኛ፣ የላመው በላዩ ሲለብስ አየሁ። ዳጉዪም እዚያው ላይ ይዘራ ነበር። አለቀስኩ።

እንግዲህ ግድቡ የኤርሊን ነው፤ አፈሩ የዪንፒን። ምርቱን እኩል ይካፈሉ። እሷ ወድዳ ካገባች መንገዷ የተባረከ ይሁን። ሳትወድ ከዚህ መንደር ከወጣች ግን ማንሻን በዚያው ቀን ግድቡን ያፍርሰው፤ ደለሉም ወደ ወንዙ ይሂድ።

ኤርሊን ይህን ሲሰማ ማንሻንን፣ «አንተ ታፈርሰዋለህ?» አለው።

ማንሻን፣ «ዶማዬን ስዬ ነው የመጣሁት» አለ።

ኤርሊንም፣ «ለጨው ነጋዴው አይሆንም ብዬ እልክለታለሁ» አለ። ይህም ቃሉ ይጻፍ።

ተናዛዥ፦ ባይ ዩሻን፣ የአውራ ጣት አሻራ።
ምስክር፦ ሊዩ ማንሻን፣ የአውራ ጣት አሻራ።
ምስክርና ጸሐፊ፦ መምህር ሃው፣ ፊርማ።
ባይ ኤርሊን፣ የአውራ ጣት አሻራ፤ «አትም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተነግሮት።
ዪንፒን ምስክር አይደለችም። ላትም ብላ ጠየቀች፤ አተመች።