የበሬዎቹ ገንቦ በማን እጅ እንደተሰነጠቀ

እኔ ዶመኒካ ሃሪስፔ፣ የአስኬን መንደር ነዋሪ፣ ዕድሜዬ ሰማንያ አራት የሆነ፣ ዛሬ ማርች 12 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. በገዛ ቤቴ ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ እናገራለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን አልደከመም። የሚጽፉት ውል አዋዋዩ ሙሴ ላርሳባል ናቸው። ምስክሮቼ ዳቦ ጋጋሪው ፓስካል ኢሪጎየንና የቅርብ ጎረቤቴ ጋሹሻ ዱሃልዴ ናቸው። የእነርሱም ንግግር ሳይቀር የተባለው ሁሉ እንዳለ እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

ቤቱና የአትክልቱ ቦታ ለወንድሜ ልጅ ለቤኛት ነው። ቢራቢሮ የተሳለባቸው፣ በሳማዴ የሸክላ ፋብሪካ የተሠሩት አሥራ አንዱ ጥንታዊ ሳህኖችም የእርሱ ናቸው። ቤኛት፣ በረኪና እንዳታስነካቸው። በሽቦም ግድግዳ ላይ አትስቀላቸው፤ ሽቦ ጠርዛቸውን ይበላዋል። አሥራ ሁለተኛውን ፍለጋ አትድከም። እኔ አርባ ዓመት በየእሑድ ገበያው ፈልጌ አላገኘሁትም፤ በእነዚያ እሑዶች ሁሉ ባሌ ምሳውን ብቻውን ይበላ ነበር።

ሰማያዊዎቹ ጎድጓዳ ሳህኖች ለቤተ ክርስቲያኑ ማዕድ ቤት ይሰጡ፤ ይበላባቸው። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልበላሁባቸውም።

ሁለት የተጠመዱ በሬዎች የተሳሉበትን ገንቦ በተመለከተ ግን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋት አለኝ። በ1968 ክረምት ጋሹሻ ቡፌዬን ልትወለውልልኝ መጥታ ነበር። በማግስቱ ገንቦውን ከአፉ እስከ ሆዱ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቄ፣ በአደባባይ፣ "ጣትሽ እንደ አካፋ ነው! ሰብረሽ ደግሞ ትዋሻለሽ!" አልኳት።

"አልነካሁትም። ብነካው ኖሮ ራሴ እነግርሽ ነበር" አለችኝ።

በዓመቱ ባሌ ሲሞት፣ የቅርብ ጎረቤት ናትና እንደ ልማዳችን መስቀሉን ይዛ ከአስከሬኑ ፊት ሄደች። ከማዕዴ ግን አንድ ማንኪያ ሾርባ አልቀመሰችም።

በ1972 ክረምት ምድጃውን አንድጄ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ቡፌው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማንም ያልነካው ሌላ ገንቦ እንደ መጀመሪያው ተሰንጥቋል። ሁለቱንም የሰነጠቃቸው የምድጃው ሙቀት ነው፤ ቡፌውን ከምድጃው አጠገብ ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በዚያው ዕለት ቡፌውን ወደ ማዶው ግድግዳ አዛወርኩ። ጋሹሻ ቤት ግን አልሄድኩም። ሃያ እርምጃ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት አልሄድኩም።

ስለዚህ የበሬዎቹ ገንቦ ለጋሹሻ ይሁን አልኩ።

ሙሴ ላርሳባል ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እመቤቴ፣ ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው ሊወርስ አይችልም። ወይዘሮ ጋሹሻ አንዱን ይምረጡ። ተሰንጥቆም ቢሆን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።"

"ውሰጂው እንጂ፣ ጋሹሻ" አለ ፓስካል። "በምስክርነቱ ሚስቴን እጠራታለሁ፤ ሰው ቤት ለመግባት ሰበብ ነው የምትፈልገው።"

ጋሹሻ ከወንበሯ አልተነሳችም። "ገንቦሽን ምን ላደርገው? ዶሮዎቼን ውኃ ላጠጣበት?" አለችኝ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውሸታም ስባል ኖሬያለሁ። ዛሬ ቃሌ የሚታመንበት ወረቀት መጥቶ ቦታዬን ለሌላ አልሰጥም። ምስክር ነኝ። አንቺ ደግሞ ገንቦውን እኔ እንዳልሰበርኩት ያን ቀን የጮህሽውን ያህል ጮክ ብለሽ ድገሚው።"

መስኮቱን አስከፍቼ ደገምኩት። መንገደኞች ቆመው ሰሙ።

እንግዲህ ገንቦው ለቤኛት ነው። ለሰው ባሳየ ቁጥር ምን እንደሰነጠቀው፣ ማንም ሰው እንዳልነካው ይናገር። ጋሹሻን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። "አስብበታለሁ" ብላለች፤ ይህም ይጻፍ።

ኑዛዜው ተነብቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ዶመኒካ ሃሪስፔ
ውል አዋዋይ፦ ላርሳባል
ምስክር፦ ፓስካል ኢሪጎየን
ምስክር፦ ጋሹሻ ዱሃልዴ፣ ራሷ ሁለት ጊዜ አንብባ የፈረመች