ከዋንጫው ስንወጣ

ሃርክሮፍት፣ ዮርክሻየር፣ እንግሊዝ
እሑድ፣ ኤፕሪል 4 ቀን

ለምወድሽ ልጄ ለብሬንዳ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ መንትዮቹስ? ፎቶግራፉ ደርሶኛል። ልጆቹ ራቁታቸውን አሸዋ ላይ ሲሮጡ ሳይ እኔን ብርድ ብርድ አለኝ፤ ለካ እናንተ ዘንድ ሙቀት ነው። እኛ እዚህ ገና ከካፖርት አልወጣንም።

ትናንት አሸንፈናል። ሃርክሮፍት ለራግቢ ዋንጫው ፍጻሜ ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ሊገባ ነው! እዚያ አውስትራሊያ ወሬው ደርሶ እንደሆነ አላውቅም፣ እዚህ ግን ሰው ጨርቁን ጥሎ ሊያብድ ምንም አልቀረው። ሥጋ ሻጩ መስኮቱ ላይ የቡድኑን ፎቶ ከቋሊማው መሀል ሰቅሎታል። ጎረቤታችን አይቪ በሯን በቡድናችን ቀለም ቢጫና ጥቁር ቀብታ ቤቷን ተርብ አስመስላዋለች። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል እንድንሸነፍ ስትመኝ የከረመች አንዲት ሴት ብትኖር እናትሽ ናት። አትደንግጪ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የአባትሽን ሳል ታውቂዋለሽ። የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ሁሉ ይስላል ብለን ነው የኖርነው። ከገና በኋላ ግን መሀረቡን ይደብቀኝ ጀመር። ልብስ የማጥበው እኔ፣ የሚደብቀው ከማን ነው? ደም ነበረው፣ ልጄ። እየጎተትኩ ወደ ሐኪሙ ወሰድኩት። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና፣ «ዊልፍ፣ ሊድስ ሆስፒታል ገብተህ መታየት አለብህ፤ ዛሬ ነገ አትበል» አለው።

ያን ሰሞን የዋንጫው ዕጣ በራዲዮ ወጣ። ጥሎ ማለፍ አይደል፣ አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። ለእኛ የደረሰን ደግሞ ያምናው ባለ ዋንጫ! አባትሽ የከሰል ሠራተኞቹ መዝናኛ ክለብ ውስጥ ብርጭቆውን ይዞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ከዋንጫው በወጣን ማግስት ሆስፒታል እገባለሁ፤ ቃሌ ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። ቅዳሜ እንሸነፋለን፣ ሰኞ ይሄዳል ብዬ ፒጃማውን ተኩሼ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። የኛ ቡድን እኮ ነው! ከመጀመሪያው ዙር ያልፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አሸነፍን። ሜዳው ድፍን ጭቃ ነበር። እነዚያ ባለ ስሞቹ ቀጥ ብለው መቆም ሲያቅታቸው፣ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ በጉልበታቸው ሲድሁ የሚውሉት የኛዎቹ ልጆች እንደ ቤታቸው ሆኑበት። የአጎትሽ ልጅ ክላይቭ፣ አሁን አምበል ሆኗል፣ ኳሷን አቅፎ፣ ሰው ጀርባው ላይ እንደተቆለለበት ከመስመሩ ማዶ መሬት አሳረፋትና ነጥቡ የኛ ሆነ። አባትሽ እስኪያንቀው ድረስ ጮኸ።

ሰኞ ሻንጣውን አውጥቼ በሩ ሥር ባስቀምጠው፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ሆስፒታል ነዋ!»

«ከዋንጫው ስንወጣ ነው እኮ ያልኩት፣ ሜቪስ። ወጥተናል እንዴ?»

ጮህኩ፣ አኮረፍኩ፣ ሻይ ሳላፈላለት ዋልኩ፤ ወይ ፍንክች! የዚህን አገር ወንዶች መቼም አንቺ አታጪያቸውም። በዋንጫ ሰሞን አንዲት ነገር ከተለወጠች ጥፋቱ ያንተ ነው ይባላል። በመጀመሪያው ዙር ካልሲውን ገልብጦ ያደረገ፣ እስክንወጣ ድረስ ገልብጦ ያደርጋል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ሜዳ የሄድኩት ኳስ ወድጄ አልነበረም። አባትሽ ደረጃውን መውጣት እያቃተው ስለነበር ክንዱን ልይዝ ነው። ደህናው ባርኔጣዬ ስላልደረቀ ያቺን ለቀብር የማደርጋትን ቡናማዋን አድርጌ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ይልቀቀኝ! የቡድኑ ገድ እሷ ናት ተብዬ ቁጭ አልኩ።

አይቪ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ሜቪስ፣ ያቺን ባርኔጣ እንዳትለውጪ፣ በሞቴ!» ትለኛለች።

«ኧረ ቀዳዳ አላት፣ አይቪ።»

«ቀዳዳውንም እንዳትሰፊው!»

ጸሎት ቤት ስሄድ ደግሞ ሰባኪያችን፣ «ጌታ ሆይ፣ የልጆቻችንን ጉልበት አበርታ» ይላል። ሕዝቡ አሜን ይላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ «እባክህ ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አስሸንፈን» እላለሁ። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ክላይቭ ተቀምጧል፤ እናቱ ከሞተች ጀምሮ በእጄ ያደገ ልጅ። ምን ዓይነት እናት ነኝ እኔ? አፈርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ያንኑ ጸለይኩ።

ሁለተኛውን ዙር አለፍን፣ ሩብ ፍጻሜውንም አለፍን፣ አባትሽ ደግሞ መንምኖ መንምኖ ሱሪው አልቆም አለው። ወደ ሱቅ ስንሄድ መንገድ ላይ እየቆመ የሰው አትክልት የሚያደንቅ ይመስላል። ትንፋሽ አጥሮት ነው። በፌብሩዋሪ ምን አበባ አለና ነው የሚያደንቀው? አንድ ቀን ደግሞ ለግማሽ ፍጻሜው ትኬት ልሰለፍ ብሎ በማለዳ ወጣና አመሻሽ ላይ ገባ። ዝናቡ ሲወርድ ነው የዋለው፣ የእሱ ካፖርት ግን ደረቅ ነው። መጠጥ ቤት ተጠልሎ ይሆናል ብዬ ካፖርቱን ሰቀልኩለት። ትኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ራት ሳይበላ ተኛ።

ትናንት በግማሽ ፍጻሜው መጨረሻ ላይ በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር። ዳኛው ለእነሱ ቅጣት ምት ሰጠ፣ እዚያው ምሰሶዎቹ ፊት ለፊት። መንትዮችሽ እንኳ የማይስቱት ነው። ከገባ ሁለት ነጥብ ነው፣ ወጣን ማለት ነው። አይቪ ፊቷን በሻርፏ ሸፈነች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ግቢ፣ ግቢልኝ፣ እባክሽ ግቢ» አልኩ። ስጨርስ ጩኸቱ ጆሮዬን ደፈነው። ኳሷ ምሰሶውን መትታ ተመልሳለች።

አባትሽ ዞሮ አቀፈኝ። የጎድን አጥንቱ በካፖርቱ ላይ ተሰማኝ። ያኔ አልቻልኩም፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አይቪ፣ «ገዳችን አለቀሰች! ኑ እዩልኝ!» እያለች ሰው ጠራችብኝ። ክላይቭ ጭቃውን እንደለበሰ ከሜዳው ወደ አጥሩ መጣና፣ «አክስቴ፣ ይሄ ሁሉ የደስታ እንባ ነው?» አለኝ። እኔም አባትሽ ከሰዎች ጋር ሲሳሳም አይቼ፣ ሁሉንም በጆሮው ዘረገፍኩለት። ደሙን፣ ሐኪሙን፣ ሻንጣውን፣ ጸሎቴንም። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። ዞሮ ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ዛሬ ከጸሎት በኋላ መጣ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። ሻይ ቀዳሁለት፣ ሳይነካው፣ «አጎቴ» አለ፣ «ነገ ጠዋት ሊድስ እወስድዎታለሁ። እምቢ ካሉ ዌምብሌይ ላይ ቡድኑን እየመራሁ ሜዳ አልገባም። ቃሌ ነው።»

«አንተም ቃል ጀመርክ?» ብሎ አባትሽ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት፣ ጠበቅነው። ከዚያ አፉን ጠረገና፣ «ሄጃለሁ እኮ» አለ።

«የት ነው የሄድከው?» አልኩት።

«ሊድስ ነዋ። ትኬት ልሰለፍ ብዬሽ የወጣሁ ቀን። ትኬቱንማ ይሄው ክላይቭ ነው የሰጠኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ።»

የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። «እና ምን አሉህ?»

«ሳንባዬ ነው። መጪውን የብርድ ወራት ላያሻግርህ ይችላል አሉኝ። በጃንዋሪ ብትመጣም ያው ነበር አሉኝ።» እውነቱን ይሁን ለእኔ ብሎ እስካሁን አላወቅኩም። ልጠይቀውም አልፈልግም።

ክላይቭ ቀስ ብሎ፣ «ዌምብሌይስ?» አለው።

«እሱን ነው መጀመሪያ የጠየቅኩት። ዶክተሩ ራሱ ራግቢ ወዳድ ነው። ትንሽ አሰበና 'ዳር ዳሩን ወንበር ያዝ፣ ተሸክሞ ለማውጣት ይመቻል' አለኝ።» ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። እኔ የተሰጣ ልብስ ላወርድ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እሑድ ነው፣ የተሰጣ ልብስ አልነበረም።

አባትሽ ተከትሎኝ መጣ። «ለምን ደበቅከኝ?» ብዬ ደረቱን በቡጢ ልመታው እጄን አነሳሁና ደረቱን ሳስታውስ መለስኩት።

«አንቺ ጸሎት ቤት እንድንሸነፍ ስትለምኚ ከንፈርሽን እያየሁ እንዴት ልንገርሽ?» አለኝ። «ተስፋሽ እሱ ነበር፣ ሜቪስ። ከተሸነፍን ይድናል ብለሽ ነበር።»

ለካ ያውቅ ኖሯል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ለቡድኑ እየጮኸ እኔን ሲያይ ነው የኖረው።

ብሬንዳዬ፣ አሁን ምን ብዬ ልጸልይ? እስከ ትናንት ድረስ ዋንጫው ቶሎ እንዲያልቅ ነበር የምለምነው። አሁን እንዳያልቅ ነው። ሌላ ዙር ቢጨመርበት፣ ሌላ ዕጣ ቢወጣ፣ እስከ ገና ቢጫወቱ ደስታዬ ነበር። ከፍጻሜው በኋላ ግን ሌላ ዙር የለም። ሰዉ ሁሉ የፍጻሜው ቀን፣ ሜይ 15፣ መቼ በደረሰ ይላል፣ እኔ ቀኑ ባይነጋ እላለሁ። ደህና ነኝ ብልሽ ውሸቴን ነው፤ ፈርቻለሁ።

አባትሽ እንዳልጽፍልሽ አስምሎኛል። «አውሮፕላኑ ውድ ነው፣ ሕፃናት ይዛለች፣ አታስደንግጫት» ይላል። ስለዚህ ነይ አላልኩሽም። ክላይቭ ለዌምብሌይ ሦስት ትኬት ሰጥቶናል። ዳር ዳሩ የአባትሽ ነው፣ ቀጥሎ የኔ። ሦስተኛውን አይቪ ስትለምነኝ ዋለች። የባርኔጣዬን ገድ ሳይቀር አነሳችብኝ፤ እምቢ አልኳት። «ለማን ልታደርጊው ነው?» ብትለኝ፣ ትኬቱን ወስጄ ከላክሽልኝ ፎቶግራፍ ጀርባ ሻጥኩት።

እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። አባትሽ አሁን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ «ስለ እኔ ምን ጻፍሽላት?» አለኝ።

«አሸንፈናል ብዬ» አልኩት።

እናትሽ ሜቪስ